ጄምስ ዋትና የፈጠራ መብቱ

በየመኝታ ክፍላችንና በየማጥኛ አዳራሹ የሚበራውን አምፑል አውርደን ብንመለከተው፤ 9 ዋት ወይም 60 ዋት የሚል ጽሑፍ እናገኝበታለን። ዋት የኀይል መለኪያ ስም ከመሆኑ በፊት የአንድ ሰው ስም ነበረ። ስለዚህ ሰው ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነው ተረት አለ፤ ይኸውም በእሳት ላይ የተጣደ ማንቆርቆሪያ ክዳኑን በእንፋሎት ሲያነሣው አይቶ የእንፋሎትን ሞተር ፈለሰፈ የሚል ነው። ተረቱ ለልጅ ይበቃል። ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን በራሳችን ሐሳብ ሥራ ለመጀመር ለምንመኝ ተማሮች ግን የሚጠቅመን ሌላ ታሪክ አለ። ይህ ሰው አንድ ሐሳብ አገኘ፤ ሐሳቡንም በሕግ አጠረው፤ አጥሩ እርሱን ከድኽነት አወጣው፤ አገሩንም ጠቀመ፤ ኋላ ግን ያው አጥር የሌሎችን መንገድ ዘጋ። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው።

ጄምስ ዋት በስኮትላንድ አገር፤ ግሪኖክ በምትባል የወደብ ከተማ፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 1736 ዓመት ተወለደ። (ሌላ ምልክት ካልተደረገበት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ መርከብ ሠሪና ነጋዴ ነበረ። ልጁ ሕመም የማይለየው ስለ ነበረ ብዙውን ትምህርቱን የተማረው በቤቱ ነው። ነገር ግን በአባቱ የሥራ ቤት ውስጥ የራሱ መሣሪያ ተሰጥቶት ስለ ነበረ፤ እጁ ከአእምሮው ጋር አብሮ ሠለጠነ።

ዕድሜው 19 ዓመት ሲሆን፤ በ1755 ዓመት፤ የሒሳብና የምርምር መሣሪያዎችን አሠራር ለመማር ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያን ዘመን ማንኛውም የእጅ ሥራ ሰባት ዓመት በደቀ መዝሙርነት ካልተማሩት በቀር አያስከብርም ነበር። ዋት ግን ሰባት ዓመት የሚቈይበት ገንዘብም ጤናም ስላልነበረው፤ ሌት ተቀን ሠርቶ ሙያውን በአንድ ዓመት አጠናቀቀ። ወደ ግላስጎ ከተማ ተመልሶ ሱቅ ለመክፈት ቢያስብ፤ ሰባቱን ዓመት አልጨረስህም ብሎ የከተማው የብረት ሠራተኞች ማኅበር ከለከለው እየተባለ ይተረካል። ከዚህ ችግር ያወጣው የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1757 ዓመት ዩኒቨርሲቲው በግቢው ውስጥ አንድ የሥራ ክፍል ሰጠው፤ የማስተማሪያ መሣሪያዎችንም እንዲጠግን አደረገው። ዲግሪ የሌለው ወጣት የኬሚስትሪው መምህር የጆሴፍ ብላክ ወዳጅ ሆነ። ተማሮችም ከትምህርት በኋላ ወደ ክፍሉ እየሄዱ ያወጉት ነበር።

በ1763 ዓመት የዩኒቨርሲቲው ንብረት የሆነች አንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሞተር ሞዴል እንዲጠግን ተሰጠችው። የእንፋሎት ሞተር ከእርሱ በፊት የነበረ ነገር መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ከማዕድን ጕድጓድ ውሃ የሚቀዳውን ሞተር ቶማስ ኒውኮመን የሚባል ሰው በ1712 ዓመት ሠርቶ አቁሞት ነበረ። ይሁን እንጂ ከእርሱ አስቀድሞ ቶማስ ሴቬሪ የሚባለው ሰው በ1698 ዓመት፤ ውሃን በእሳት ኀይል ማንሣት ሁሉ በእርሱ ስም እንዲሆን መብት አውጥቶ ነበር። ምንም እንኳ የሁለቱ ሞተሮች አሠራር የተለያየ ቢሆን፤ የሴቬሪ መብት በጣም ሰፊ ሆኖ ስለ ተጻፈ ኒውኮመን በዚያው መብት ሥር ገብቶ ለመሥራት ተገደደ። በራሱ ስም አንድም መብት ሳያወጣ በ1729 ዓመት ሞተ።

የኒውኮመን ሞተር እንዲህ ይሠራ ነበር። እንፋሎት ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ቀጥሎ በሲሊንደሩ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫል፤ እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ሲመለስ ባዶ ስፍራ ይፈጠራል፤ በዚያን ጊዜ የውጭው አየር ክብደት ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ዋት ሞዴሊቱን ጠግኖ ቢያስነሣት ጥቂት ጊዜ ሠርታ እንፋሎትዋን ጨርሳ ቆመች። ምክንያቱን ሲመረምር፤ ሲሊንደሩ በየጊዜው እየሞቀ መልሶ ስለሚቀዘቅዝ ከሙቀቱ የሚበዛው እጅ ያለ ሥራ እንደሚባክን ተረዳ። ታዲያ ሲሊንደሩ ሳይቀዘቅዝ እንፋሎቱ ብቻ እንዲቀዘቅዝ እንዴት ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ብዙ ወራት አስጨነቀው። በ1765 ዓመት በአንድ እሑድ ቀን፤ በግላስጎ መስክ ላይ በእግሩ ሲንሸራሸር መልሱ መጣለት፤ እንፋሎቱ ወደ ሌላ ዕቃ ሄዶ ይቀዝቅዝ፤ ሲሊንደሩ ግን ሁልጊዜ እንደ ጋለ ይኑር። ይህ ኮንደንሰር የተባለው ሁለተኛ ዕቃ የዋት ሕይወት መሠረት ሆነ።

ሐሳቡ በአንድ እሑድ ተገኘ፤ ሐሳቡን የሚያንቀሳቅስ ሞተር ለማድረግ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ዋት ለሙከራው ገንዘብ ተበደረ። ጆሴፍ ብላክም አበደረው። ኋላም የብረት ፋብሪካና የከሰል ማዕድን ከነበረው ከዶክተር ጆን ሮበክ ጋር ተገናኘ። ሮበክ የዋትን አንድ ሺህ ፓውንድ ያህል ዕዳ ሊከፍልለትና የመብቱን ማውጫ ወጪ ሊችል ተስማማ፤ በለውጡም ከመብቱ ሦስት እጅ ሁለቱን ወሰደ። ዛሬ ስናየው ከባድ ውል ነው። ሆኖም ውል የሚፈረመው በችግር ቀን ነውና፤ ዋት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

መብቱ ምንድር ነው? በቀድሞው ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት ለወደዱት ሰው የጨውን ወይም የመጫወቻ ካርታን ንግድ ብቻውን እንዲይዝ እየፈቀዱ ሕዝቡን ያስመርሩ ነበር። ፓርላማው በ1624 ዓመት ባወጣው ሕግ ይህን ዐይነቱን ብቸኛ ንግድ ከለከለ፤ አዲስ ነገር ለፈለሰፈ ሰው ግን 14 ዓመት ፈቀደ። 14 ዓመት የደቀ መዝሙርነቱ ሰባት ዓመት እጥፍ ነው፤ ፈልሳፊው ሁለት ተራ ደቀ መዛሙርት እስኪያስተምር ድረስ ማለት ነው። እንግዲህ የዚህ መብት ባሕርይ ውል ነው። ፈልሳፊው ምሥጢሩን በጽሑፍ ለአገሩ ይገልጣል፤ አገሩም ለተወሰነ ዘመን ብቻውን እንዲጠቀምበት ይፈቅድለታል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ነገሩ የሁሉ ይሆናል። ዋት ይህን መብት ጃንዋሪ 5 ቀን 1769 ዓመት አገኘ።

መብቱን ቢያገኝም ኑሮው አልተለወጠም። የአገራችን ሰው ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ እንደሚለው ሆነበት። የሚሠራው ሞተር የለም፤ በጊዜው የነበሩት ብረት ሠራተኞች እንፋሎት የማያሾልክ ሲሊንደር ለመሥራት አልቻሉም፤ የ14ቱ ዓመት ግን ይቈጠራል። ሚስቱንና ልጆቹን ለመመገብ ሲል የቦይ መንገድ ቀያሽ ሆኖ በዝናብና በብርድ ሲንከራተት ብዙ ዓመት አለፈ። በ1773 ዓመት ሮበክ ከሰረ፤ በዚያው ዓመት የዋት ሚስት ማርጋሬት በወሊድ ሞተች። የሮበክ ባለዕዳዎች ንብረቱን ሲከፋፈሉ፤ ለዋት ሞተር ድርሻ ቤሳ ዋጋ የሰጠው ሰው አልነበረም። ከባለዕዳዎቹ መካከል የነበረው ማቲው ቦልተን ግን 1,200 ፓውንድ የሚሆን ዕዳውን ትቶ ያንን የተናቀውን ድርሻ ወሰደ።

ቦልተን በበርሚንግሃም አጠገብ ሶሆ በሚባለው ስፍራ ታላቅ ፋብሪካ የነበረው ሰው ነው። ዋት ገበያና ድርድር የሚያስፈራው፤ ራሱ ዘወትር የሚያመውና ቶሎ ተስፋ የሚቈርጥ ሲሆን፤ ቦልተን ደፋር፤ ተናጋሪና አርቆ አሳቢ ነበረ። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፤ የዋት እሳት የነደደው ቦልተን ሲጨመርበት ነው። ዋት በ1774 ዓመት ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ። ሁለቱ ሰዎች በመጀመሪያ የተመለከቱት ብረቱን ሳይሆን የዘመን መቍጠሪያውን ነው። ከ14ቱ ዓመት የቀረው ጥቂት ስለ ሆነ፤ ፋብሪካ አቁመው ወጪያቸውን ሳይመልሱ መብቱ ሊያልቅ ነው። ስለዚህ ለፓርላማ አቤቱታ አቀረቡ። ብቸኛ መብትን ማራዘም ሌላውን ሠራተኛ መበደል ነው ብለው የተቃወሙ እንደራሴዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ስመ ጥሩው ኤድመንድ በርክ ነው። ቢሆንም በ1775 ዓመት ፓርላማው መብቱን እስከ 1800 ዓመት አራዘመላቸው።

ከዚህ በኋላ ዕድል ተከታተለ። ጆን ዊልኪንሰን መድፍ ለመቦርቦር ባሰናዳው መሣሪያ ሲሊንደሩን አስተካክሎ ለመቦርቦር ቻለ። በ1776 ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ታላላቅ ሞተሮች ተነሡ፤ አንዱ በከሰል ማዕድን ውሃ ይቀዳ ጀመር፤ ሁለተኛው በዊልኪንሰን የብረት ማቅለጫ ወናፍ ይነፋ ጀመር። የዋትና የቦልተን የንግድ ዘዴም እንደ ሞተሩ አዲስ ነበረ። ሞተሩን ሠርተው ከመሸጥ ይልቅ የሚሸጡት ፈቃድን ነው። ደንበኛው ሞተሩን በራሱ ወጪ ያቆማል፤ እነርሱ ፕላኑን፤ ባለሙያውንና አንዳንዱን ረቂቅ ዕቃ ይሰጡታል፤ ደንበኛው ከድሮው ሞተር ጋር ሲነጻጸር ከሚተርፍለት የከሰል ዋጋ ሦስት እጅ አንዱን በየዓመቱ ይከፍላቸዋል። ለዚህም ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰ የሚቈጥር በቍልፍ የተዘጋ መሣሪያ ያኖሩበት ነበር። ከሰል በሌለበት በኮርንዎል አውራጃ፤ የመዳብና የቆርቆሮ ማዕድን ባለቤቶች ከሰል በመርከብ እያስመጡ ይቸገሩ ስለ ነበረ፤ ይህን ሞተር በደስታ ተቀበሉ።

ነገር ግን መብት ለሌላውም መብት ነው። ሞተሩ ውሃ ከመቅዳት አልፎ ወፍጮና ፋብሪካ እንዲያዞር፤ የላይና የታች እንቅስቃሴውን ወደ መሽከርከር መለወጥ አስፈለገ። ለዚህ የሚሆነው ክራንክ የሚባለው ቆልማማ ክንድ ከጥንት ጀምሮ በእግር በሚረገጥ መዘውር ላይ የታወቀ ስለ ነበረ፤ ዋት መብት ሊያወጣበት አላሰበም። በ1780 ዓመት ግን ጄምስ ፒካርድ የተባለ የበርሚንግሃም ሰው ክራንክን በእንፋሎት ሞተር ላይ ለማዋል መብት አወጣበት። ዋት ነገሩ ከራሱ ፋብሪካ በሠራተኛ ወሬ ወጥቶ ተሰረቀብኝ ብሎ አመነ። በፍርድ ቤት ለመክሰስ ግን አልደፈረም፤ ምክንያቱም የሌላውን መብት ማፍረስ የራሱንም መብት ሊያናጋበት ይችላል። ስለዚህ በ1781 ዓመት አንዱ ጥርስ ያለው መዘውር በሁለተኛው ዙሪያ የሚዞርበትን ሌላ ዘዴ አወጣ፤ ፀሐይና ፕላኔት ተባለ። ሐሳቡን ያፈለቀው የፋብሪካው ተቀጣሪ ዊልያም መርዶክ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ መብቱ ግን የወጣው በአሠሪው በዋት ስም ነው። ነገ በሰው ቤት ተቀጥረን ለምንሠራ ሰዎች ይህ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው።

መብቱን እየጨመረ ሄደ። በ1780 ዓመት ደብዳቤ የሚገለብጥ ማተሚያ ፈልስፎ መብት አወጣበት፤ ይህን መጽሔት በማባዣ የምናወጣ እኛ ለዚያ ጥንታዊ መሣሪያ ምስጋና ብናቀርብ አይበዛበትም። በ1782 ዓመት እንፋሎቱ ፒስተኑን በሁለቱም ወገን የሚገፋበትን፤ በ1784 ዓመትም ራሱ ከፈልሰፋቸው ሁሉ አብልጦ የሚወደውን የዘንግ ማያያዣ አወጣ። ለወፍጮ ሞተር የሚጠየቀውን ኪራይ ለመወሰን የፈረስን ጕልበት መለካት ስላስፈለገው፤ በአንድ ደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ከፍ ማድረግን የአንድ ፈረስ ጕልበት ብሎ ወሰነ። ለእያንዳንዱ የፈረስ ጕልበት በዓመት 5 ፓውንድ፤ በሎንዶን 6 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። እንግዲህ እኛ በፊዚክስ ክፍል የምናሰላው የፈረስ ጕልበት መነሻው የኪራይ ሒሳብ ነው።

ዓመታት ሲያልፉ የኮርንዎል ሰዎች ደስታ ወደ ማጕረምረም ተለወጠ። ሞተሩ አንዴ ከቆመ ወዲያ በየዓመቱ የሚከፈለው ገንዘብ ግብር መስሎ ታያቸው፤ መክፈልም አቆሙ። እዚያው አገር ብልህ መሐንዲሶች ተነሡ። ጆናታን ሆርንብሎወር እንፋሎቱ በሁለት ሲሊንደሮች ተራ በተራ የሚሠራበትን ሞተር ፈልስፎ በ1781 ዓመት የራሱን መብት አውጥቶ ነበር። ኮንደንሰር ግን ያስፈልገዋል፤ ኮንደንሰር ደግሞ የዋት ነው። በ1792 ዓመት መብቱ እንዲራዘምለት ፓርላማን ሲለምን፤ በ1775 ዓመት ይህንኑ ለምነው ያገኙት ዋትና ቦልተን ተቃውመው አስከለከሉት። ኤድዋርድ ቡል የሚባለውንም መሐንዲስ በ1793 ዓመት ከሰሱት። የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበረ፤ ዋት በ1769 ዓመት ባስገባው ጽሑፍ የሞተሩን ሥዕል አላቀረበም፤ አሠራሩንም በዝርዝር ሳይገልጥ መሠረቱን ብቻ በጥቂት ቃላት ጻፈ። ተከሳሾቹ ምሥጢሩን ሳይገልጥ ብቸኛ መብት ወሰደ፤ ውሉን አፍርሶአል አሉ። በ1795 ዓመት ዳኞቹ በዚህ ጕዳይ እኩል ለእኩል ተከፈሉ። ያልተቈረጠ ነገር ሆኖ ሲንጠለጠል፤ ማንም ደንበኛ አልከፍልም ለማለት ምክንያት አገኘ። በመጨረሻ በ1799 ዓመት የንጉሡ ችሎት ዳኞች በአንድ ድምፅ ለዋት ፈረዱ፤ ውዝፉም ተሰበሰበ። መብቱ ሊያልቅ የቀረው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች በሁለት ወገን ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን ያ መብት ባይኖር ቦልተን ገንዘቡን አያወጣም፤ ሞተሩም በግላስጎ ክፍል ውስጥ ሞዴል ሆኖ ይቀር ነበር ይላል። ይህ እውነት ነው። ሁለተኛው ወገን ከመጀመሪያው 14 ዓመት ወዲያ የተጨመረው ዘመን ሌሎች እንዳይሠሩ አሰረ ይላል። ይህም እውነትነት አለው። ዋት ብርቱ እንፋሎትን አደገኛ ነው ብሎ ይጠላው ነበር፤ በ1784ቱ መብት ውስጥ በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ አስገብቶ ሳለ ሠረገላውን አልሠራውም፤ መርዶክ በዚያው ዓመት ትንሽ ሞዴል ሠርቶ ቢያስኬደው በርታ አላለውም። ያ መርዶክ በ1792 ዓመት ቤቱን በከሰል ጋዝ ሲያበራ መብት ሳያወጣበት ስለ ቀረ፤ ትርፉን ሌሎች ኩባንያዎች ወሰዱት።

መብቱ በ1800 ዓመት ሲያልቅ በሩ ተከፈተ። ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1802 ዓመት ለብርቱ እንፋሎት ሞተር መብት አወጣ፤ በ1804 ዓመትም በሐዲድ ላይ የሚሄድ ሞተር አሳየ። የሆርንብሎወርን የሁለት ሲሊንደር ሐሳብ አርተር ዉልፍ አንሥቶ ፍሬ እንዲሰጥ አደረገው። በኮርንዎል ደግሞ ከ1811 ዓመት ጀምሮ የየማዕድኑ ሞተር ምን ያህል ከሰል በልቶ ምን ያህል ሥራ እንደ ሠራ በየወሩ እየታተመ ይወጣ ጀመር፤ አንዱ መሐንዲስ የሌላውን አይቶ ያሻሽላል። በዚህ ግልጽነት ሞተሮቹ ከዋት ዘመን ይልቅ እጅግ ከሰል ቈጣቢ ሆኑ።

ዋት ከዚህ በፊት መልካሙን ድርሻ አግኝቶ ነበር። ፋብሪካው እስከ 1800 ዓመት ወደ 500 የሚጠጉ ሞተሮች አቁሞአል። በዚያው ዓመት እርሱና ቦልተን ሥራውን ለልጆቻቸው አስረክበው ተለዩ። ዋት ሄትፊልድ በሚባለው ቤቱ ጣራ ሥር ባለች ክፍል ውስጥ፤ የተቀረጸ ምስል አስመስሎ የሚገለብጥ መሣሪያ እየሠራ በሰላም አረጀ። ለዚህ የመጨረሻ ሥራው መብት ሳያወጣለት፤ እንደ ልጅነቱ ለደስታው ብቻ እየሠራ፤ ኦገስት 25 ቀን 1819 ዓመት በ83 ዓመቱ ሞተ። በበርሚንግሃም አጠገብ በሐንድስወርዝ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ ቦልተንም መርዶክም እዚያው ዐርፈዋል። ያቺ የሥራ ክፍሉ ከነመሣሪያዋ በሎንዶኑ የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ትታያለች።

ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? በአገራችን በ1987 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር) የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቍጥር 123፤ ለፈልሳፊ የ15 ዓመት ፓተንት ፈቅዶ፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሚገባ እየተሠራበት መሆኑ ሲረጋገጥ 5 ዓመት እንዲጨመር ደነገገ። የዋትን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ አንቀጽ ለምን እንዲህ እንደ ተጻፈ ይገባዋል። የሚጨመረው ዘመን ለሚሠራው ሰው ነው፤ ሠረገላውን በወረቀት አስገብቶ ሳይሠራ ሌላውን ለሚከለክል አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከመካከላችን አዲስ ነገር ያገኘ ሰው ቢኖር ወሬውን ከመበተኑ በፊት የፒካርድን ክራንክ ያስታውስ። ጽሑፉን ሲጽፍ ሳይደብቅና ሳያድበሰብስ ይጻፍ፤ በጥቂት ቃላት የተድበሰበሰው ነገር ዋትን በስተርጅና ስድስት ዓመት በፍርድ ቤት አስለፍቶታልና። ውል በችግር ቀን ሲፈርም ሦስት እጅ ሁለቱ ስንት እንደ ሆነ ያስብ። አጥሩን አጥሮ ፍሬውን ሲበላም፤ እርሱ ራሱ የኒውኮመንን ሞዴል ጠግኖ የተነሣ መሆኑን አይርሳ፤ አጥሩ የሚፈርስበት ቀን ሲደርስም ለሚቀጥለው ሰው በሩን ይልቀቅ።